ወፍጮው ቦርደዴ የገባ ቀን

ወንድሜ የሞተው በክረምት ነው። የወፍ በሽታ ነው አሉን። መጀመሪያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ምግብ አስጠላው፣ ከዚያ… ስለዚያ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ ጨዋታው ግን መጻፍ የምችል ይመስለኛል።

ጨዋታውን የፈጠረው እሱ ነው። ከከተማችን ከአሰበ ተፈሪ በሚኤሶ በኩል ቦርደዴ ድረስ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር። አንድ ክረምት ቁልቁለቱ ተንዶ መንገዱ ሲዘጋ መኪናው ቆመ፤ እሱም ቤት ዋለ። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የሚችል ሰው አልነበረም። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደደ፣ ንጹሑን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና መንገዱን ሳለው። ከእኛ ከተማ ተነስቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በሚኤሶ ኬላ አልፎ፣ አሰቦትን ነክቶ፣ አሸዋማውን ወንዝ ተሻግሮ ቦርደዴ የሚገባውን መንገድ በሙሉ። መታጠፊያዎቹን ሳይቀር።

የሚጫወቱት ሰዎች እንደ ዳማ እርስ በርስ አይበላሉም። ሁሉም አንድ መኪና ላይ ናቸው። አንዱ ሹፌር ይሆናል፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ረዳት፣ አንዱ ደግሞ አሰቦት ገዳም የሚሄድ ተሳላሚ። ሹፌር የሆነ እንደ ሹፌር ይቆጣል፤ ነጋዴ የሆነ እንደ ነጋዴ ይከራከራል። አንድ ሰው ግን መኪናው ላይ የለም። እሱ መንገድ ይሆናል። የሚያጋጥማቸውን ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው፤ ኬላውን፣ ጎርፉን፣ የፈነዳውን ጎማ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሰው። ችግር ሲገጥማቸው ዕጣ ይጥላሉ። ዕጣው ወንድሜ ከወይራ የጠረበው ባለ ስድስት ጎን እንጨት ነው፤ ነጥቦቹን በጋለ ሚስማር ነው የበሳቸው። መኪናው ቆርኪ ነው። የተጫነው የወፍጮ ሞተር ነው። የቦርደዴ ሴቶች ወፍጮ የላቸውም ተብሎ ይጀመራል፤ እህል ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ። ሞተሩ ቦርደዴ ከገባ ሁሉም ደረሱ። ካልገባ ሁሉም ቀሩ። አሸናፊ የሚባል የለም።

እኛ ቦርደዴ ገብተን አናውቅም ነበር።

የምንጫወተው ሦስት ነበርን። የልብስ ሰፊው ልጅ ሹፌር፣ የጎረቤታችን የጫት ነጋዴ ልጅ ነጋዴዋ፣ እኔ ተሳላሚው። ወንድሜ መንገዱ። ድምፁን ይለዋውጥ ነበር፤ የኬላ ጠባቂ ሲሆን አፍንጫው ውስጥ ይናገራል፣ የመኪና ሞተር ሲሆን ከጉሮሮው። ሁልጊዜ ከአሰቦት በኋላ አሸዋው ውስጥ እንቀበር ነበር። ዕጣ እንጥላለን፣ ይወድቅብናል፤ እንጥላለን፣ ይወድቅብናል። በሦስተኛው ሞተሩ እዚያው ይቀራል።

«ምን አጠፋን?» እንለዋለን።

«መንገዱን አላያችሁትም» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ሲታመም ወረቀቱ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ከሞተ በኋላ የት እንደገባ አልጠየቅኩም።

አርባው ካለፈ በኋላ የከተማችን የወጣቶች ማኅበር የጠረጴዛ ጨዋታ ስብሰባ እንደሚያደርግ ተነገረ። ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶ፣ ከቦኬ ወጣቶች መጥተው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቼዝ፣ ዳማ፣ ዶሚኖና ገበጣ ይጫወታሉ፤ ከየከተማው ሌላ ጨዋታ ያለውም ይዞ ይምጣ ተባለ። ሁለቱ ጓደኞቼ ቤት መጡ። እኔ ጥቁር ለብሼ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ይዘነው እንሂድ» አለች ልጅቷ።

«ማን መንገድ ይሆናል?»

«አንተ ነሃ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አፌ ይያዛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ተብታባ ነኝ። ትምህርት ቤት ስሜን ስጠየቅ መምህሩ ቀጣዩን ተማሪ ጠርቶ ይጨርስና እኔ ገና የመጀመሪያው ፊደል ላይ እሆናለሁ።

«እኔ አሰቦት ለማለት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል» አልኩ። ይህንንም ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

«መኪናውም እኮ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅበት» አለ የልብስ ሰፊው ልጅ።

እናቴ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። «አርባው ገና መውጣቱ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ጨዋታ ቦታ ታየ ቢባል ሰው ምን ይላል?»

ልጅቷ ቀና አለች። «እትዬ፣ ይህን ጨዋታ ከእኛ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። እኛ ካልተጫወትነው ወረቀቱን አይጥ ነው የሚበላው። እሱም እንዳልነበረ ይሆናል።»

የመጨረሻውን ቃል ባትለው ጥሩ ነበር ብዬ አሰብኩ። እናቴ ተመልሳ ገባች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ስትመለስ የተጠቀለለውን ወረቀት ይዛ ነበር። ፍራሿ ሥር ነበር ያኖረችው።

«ጥቁሩን እንዳታወልቅ» አለችኝ። «ወረቀቱንም ሰው ሻይ እንዳይደፋበት።»

ጠዋት አዳራሹ ስንደርስ ጠረጴዛዎቹ ተደርድረው፣ በየጠረጴዛው ላይ የከተማ ስም ተለጥፎ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው፣ ወረቀታችንን ገልጦ አየና «ጓዶች፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ።

ልጅቷ አስረዳችው። ጸሐፊው በትዕግሥት ሰማ።

«እሺ፣ ማን ነው የሚያሸንፈው?»

«ማንም።»

«ሁሉም ይሸነፋል ማለት ነው?»

«ወይ ሁሉም ይደርሳል፣ ወይ ሁሉም ይቀራል።»

«ይህማ ጨዋታ አይደለም፤ አውቶቡስ ነው» አለ። በአካባቢው የነበሩት ሳቁ። እሱ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አሳየን። «እስከ ምሳ ተጫዋች ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ለዶሚኖ እሰጠዋለሁ፤ የዶሚኖ ሰው በዝቶብኛል። አሸናፊዎች ሲነገሩም የማነብበው ስም ስጡኝ፤ ያለ ስም አልመዘግብም።»

ወረቀቱን ዘረጋን። አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዝነው። በጠረጴዛው ራስ በኩል ያለው ወንበር የመንገዱ ነው፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ከዚያ ነበር የሚናገረው። እኔ አልተቀመጥኩበትም። ዕጣውን ይዤ ጎን ላይ ቆምኩ። ጓደኞቼም ተቀመጥ አላሉኝም።

ሰው አልመጣም። ያልፋሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። አጠገባችን የዶሚኖ ጠረጴዛ ነበር፤ ጠጠሮቹን እያጋጩ ይጮኻሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ወፍራም የከተማችን ልጅ፣ ደጋግሞ ወደ እኛ ዞሮ «መኪናው ስንት ሰው ሲሞላ ነው የሚነሳው?» ይል ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ «ለአንተ ሁለት ቦታ ስለሚያስፈልግ ነው ያልተነሳነው» አለው።

ምሳ ሊደርስ ሲል ሁለት ወጣቶች መጡ። ከቦኬ ነበሩ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ሁለቱም ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ገበጣ ተሸንፈው የሚመልሳቸውን መኪና የሚጠብቁ ነበሩ። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል።

«ይሄ የቦርደዴ መንገድ ነው?» አለ ረጅሙ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ። «እኔ ሄጃለሁ። ይሄ መታጠፊያ ልክ ነው።»

ያን ሲል ልቤ ሞቀ። ወንድሜ ቢሰማው ኖሮ።

አጭሩ ረዳት ሆነ። ለረጅሙ የቀረው ተሳላሚው ነበር።

«የት ነው የምሄደው?»

«አሰቦት ገዳም» አለችው ልጅቷ።

«እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ።»

«በጨዋታው ተሳላሚ ነህ።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ። ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው።»

ጀመርን። መናገር ነበረብኝ። ቁልቁለቱን፣ ጭጋጉን፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና። አፌ ተያዘ። «ጭ… ጭ…» እያልኩ ስቆም የዶሚኖዎቹ ጠረጴዛ ዝም ይልና ያዳምጠኛል፤ ዝምታው ከጩኸታቸው ይብሳል። ወፍራሙ «መንገዱ ተበላሽቷል፣ ግሬደር ጥሩ» አለ። ሳቁ። የልብስ ሰፊው ልጅ ሊነሳ ሲል ልጅቷ እጁን ያዘችው። «አንተ ሹፌር ነህ፣ መሪህን ያዝ» አለችው።

የቦኬ ልጆች አልሳቁም። ቃሉ እስኪወጣ ይጠብቁኝ ነበር። ሚኤሶ ኬላ ላይ ልጅቷ ከእኔ ጋር፣ ማለት ከኬላ ጠባቂው ጋር፣ ስትከራከር ትንሽ ተሻለኝ፤ እሷ ብዙ ስለምታወራ እኔ «አይሆንም» ብቻ ነበር የምለው።

ከሚኤሶ ወጥቶ ወደ አሰቦት ሲኬድ ወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ግራር ተስላለች። ወንድሜ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ «ከግራሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል» ይል ነበር። እኛ ሁልጊዜ «ይመሽብናል፣ እለፍ» እንል ነበር። እሱም ያሳልፈናል። ለምን እንደሚለው ጠይቀነው አናውቅም። እሱ ይለው ስለነበር እኔም አልኩት።

«ከግራሩ ሥር… አንድ ሽማግሌ… ተቀምጠዋል።»

ቀጥሎ «መኪናው ያልፋል» ልል ነበር። አፌ ተያዘ። «መ» ላይ ቀረሁ። ሹፌራችንም «እለፍ» ሳይል እኔን ይጠብቅ ጀመር።

የቦኬዎቹ ተያዩ። ዝም ያልኩት እነሱን ስጠብቅ መሰላቸው። አጭሩ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ተነሳ። ረጅሙም ተነሳ። ሽማግሌ ተቀምጠው እያዩ ዝም ብለው የሚያልፉ ልጆች አልነበሩም፤ ሽማግሌው ከረጢት ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖሩ ቢሆኑም። ጠረጴዛው ዙሪያ ባዶ የነበረችው ወንበር የራስጌዋ ብቻ ስለነበረች ወደ እሷ ዞሩ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ።»

ዶሚኖዎቹ እንደገና ወደ እኛ ዞሩ። አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ሰላምታ ተሰጥቷል፤ መልስ አላገኘም። በእኛ አገር፣ ክርስቲያንም ሁን ሙስሊም፣ ሰላምታን አንጠልጥሎ መተው ነውር ነው። ሁለቱ ልጆች እንዳጎነበሱ ናቸው። አንድ ሰው መመለስ አለበት። ጓደኞቼን አየኋቸው፤ ልጅቷ ባዶዋን ወንበር አየች፣ እኔን አየች።

ሄጄ ተቀመጥኩባት።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አልኩ።

አልተያዝኩም። እንዴት እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሰላምታ የማንም ሰው ቃል አይደለም፤ ሁሉም በቃሉ ይዞታል፤ እንደ ጸሎት ራሱ ይወጣል። ያኔ ግን ያንን አላሰብኩም። እነሱም ፋታ አልሰጡኝም።

«አባ፣ ጤና ነህ?»

«ጤና ነኝ።»

«ከብት ጤና ነው? ዝናብ እንዴት ነው?»

«ከብት ጤና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ ትንሽ ዘገየ።»

«ልጆች ደህና ናቸው?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። አፌ ተይዞ አይደለም። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ሰው «ቤት እንዴት ነው» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን የተጠየቁት ሽማግሌው ናቸው።

«አንዱን ቀብሬዋለሁ» አልኩ። «የቀሩት ደህና ናቸው።»

ረጅሙ ልጅ ጥቁር ልብሴን አየ። ከዚያ መዳፎቹን ዘረጋ። «አላህ ይዘንለት።»

«አሚን» አለ አጭሩ። ከኋላዬም አንድ ሰው «አሚን» አለ። ዞሬ አላየሁም፤ ድምፁ ግን የወፍራሙ ይመስል ነበር።

ልጆቹ ተቀመጡ። ጨዋታው ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ስናገር በሽማግሌው አፍ ነበር የምናገረው። ቀስ ብዬ። ሽማግሌ ቀስ ብሎ ቢናገር ማን ይስቃል? አንዳንድ ቃል ላይ ስያዝ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ጠረጴዛችን ዙሪያ ሰው መቆም ጀመረ።

አሰቦት ደረሱ። «ተሳላሚው፣ ገዳምህ ይኸውና፣ ውረድ» አለው ሹፌሩ።

ረጅሙ ከፊት ያለውን አሸዋ በጣቱ ነካ። «እዚህ መኪና ይያዛል። እዚህ ትቻችሁ አልወርድም። ገዳሙን መልስ ላይ እሳለመዋለሁ።»

ሳቅ ሆነ። ከቆሙት ሰዎች አንዱ «ስእለቱን ረሳው» አለ። «አልረሳሁም፣ አዘገየሁት እንጂ» አለ ልጁ።

አሸዋው ላይ መኪናው ሰመጠ። እንደ ወትሮው። የልብስ ሰፊው ልጅ ዕጣ ጣለ፤ ሁለት። ልጅቷ ጣለች፤ አንድ። አንድ ዕጣ ቀረ። ስድስት ካልመጣ ሞተሩ እዚያው ይቀራል፣ ጨዋታው ስለሚያልቅም ጸሐፊው ጠረጴዛውን ለዶሚኖ ይወስዳል። ሰዓቱን እያየ ሲመጣ አይቼዋለሁ።

«ቆይ» አለ ረጅሙ። «እነዚያ ሽማግሌ ቅርብ አይደሉም? ሰላም ብለናቸዋል። ቢጠሩ አይመጡም?»

ያኔ ነው የገባኝ። «መንገዱን አላያችሁትም።» ወንድሜ በየጊዜው እያሳየን ነበር። መንገድ ዳር ሰው አስቀምጦልን፣ እኛ የከተማ ልጆች ስለምንቸኩል እያለፍነው፣ አሸዋው ላይ ብቻችንን እንቀር ነበር። እሱ እኚያን ሽማግሌ በእውነት አግኝቷቸው ይሆናል፤ የእሱ መኪና አሸዋው ላይ ተይዞ የረዱት ሰው ይሆናሉ። አልነገረንም። ደርሰንበት እንድንደሰት ፈልጎ ይመስለኛል።

«መጥቻለሁ» አልኩ፤ አሁን ድምፄ ከፍ ብሎ። «ግመሎች አሉኝ። ገመድ አምጡ። ግመል ከጎተተ አራትም ይበቃል።»

አጭሩ የቦኬ ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ ገመድ ሲያስር በእጁ አሳየ። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ሞተሩን በጉሮሮው አስነሳ፤ ልክ እንደ ወንድሜ። ከእሱ ነው የተማረው። ዕጣውን ለረጅሙ ሰጠሁት።

«ቢስሚላህ» ብሎ ጣለው። ወረቀቱ ላይ ተንከባለለ፣ ድንጋዩን መታ፣ ቆመ።

አምስት።

ቆርኪዋን በጣቴ ገፋኋት። አሸዋውን አለፈች። ገብታበት የማታውቀው መንገድ ላይ ገባች፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ አዲስ ነበር፣ ምንም አልቆሸሸም። የቦርደዴን ቤቶች ተናገርኩ። የሞተሩን ድምፅ የሰሙትን ሴቶች፣ ቁና ይዘው የወጡትን፣ መኪናውን ተከትለው የሚሮጡትን ተናገርኩ። ተያዝኩ፣ ቀጠልኩ፤ ተያዝኩ፣ ቀጠልኩ። የጫት ነጋዴዋ ልጅ እልልታውን አቀለጠችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ወፍራሙ የዶሚኖ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደወጣበት አላየሁም።

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። «ጓዶች፣ እሺ፣ ደርሳችኋል። ግን ማን አሸነፈ ብዬ ልመዝግብ?»

ረጅሙ የቦኬ ልጅ ነው የመለሰለት።

«ቦርደዴ በል።»

«ከቦርደዴ የመጣ ሰው የለም እኮ።»

«ወፍጮው የእነሱ አይደል?»

ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው መድረክ ላይ ወጥቶ አነበበ። ቼዝ፣ ገለምሶ። ዳማ፣ ሂርና። ዶሚኖ፣ አሰበ ተፈሪ። ከዚያ መነጽሩን አስተካከለ። «መንገድ የተባለው ጨዋታ፣ ቦርደዴ።» ለማንም እንደዚያ አልተጨበጨበም። የቦኬ ልጆች መኪናቸው ሳይመጣ ወረቀቱን በካርቶን ላይ ገለበጡት። የበዴሳዎቹም ገለበጡት። ልጅቷ እላያቸው ላይ ቆማ «ይህ መታጠፊያ ወደ ግራ ነው» እያለች ታርማቸው ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ለዓመታት ጓዳ ሆና ስትሰማን ኖራለች፤ ጨዋታውን ከእኛ እኩል ታውቀዋለች።

«ወፍጮው ገባ?» አለችኝ።

«ገባ።»

«አሸዋውን እንዴት አለፋችሁት?»

«ግመል ጎተተው።»

ሳቀች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ግን ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በነበረው በጋ ለጉዳይ ቦኬ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ሻይ ቤት ስገባ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። ካርቶን ተዘርግቷል። መንገዱ ተለውጧል፤ ከቦኬ ነው የሚነሳው፣ ወንዞቹም የእነሱ ናቸው። ቆርኪዋ ግን ያቺው ናት። ከተጫዋቾቹ አንዱንም አላውቅም ነበር። ቆሜ ስመለከት አንዱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ታውቀዋለህ ይሄን?»

ልመልስለት ስል አፌ ተያዘ። አላውቀውም ያልኩ መሰለውና ቦታ ለቀቀልኝ።

«ተቀመጥ፣ ቀላል ነው» አለኝ። «ሁላችንም አንድ መኪና ላይ ነን። ይህች ወንበር ግን ባዶ ትሆናለች። መጀመሪያ ለእሷ ሰላምታ እንሰጣለን። ከመካከላችን ሰላምታውን የሚመልሰው ሰው፣ እሱ ተቀምጦባት መንገድ ይሆናል። ከጥንት እንዲህ ነው።»

ከጥንት አለ። ወንድሜ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሁሉም ተነሱ፤ እኔም ተነሳሁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለባዶዋ ወንበር ሰላምታ ሰጡ። ማንም ሳይቀድመኝ መለስኩ።